ሪሚኒ ወይስ ኒስ? የአንባቢያን የጉዞ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። ለዓመታት ካጠራቀምነው ገንዘብ ከፊሉን አውጥተን ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያለውን የልጆች ዕረፍት አውሮፓ ውስጥ፣ በባሕር ጠረፍ ላይ ባለች አንዲት ከተማ ለማሳለፍ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። ያልተስማማነው በከተማዋ ነው፤ እኔ የጣሊያኗን ሪሚኒን ስመርጥ እሱ የፈረንሳይዋን ኒስን ይላል። ሁለታችንም አንዷንም አይተን አናውቅም። አብረውን የሚሄዱት የአምስትና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆቻችንና እናቴ ናቸው። ልጆቹ ዋና አይችሉም፤ እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾምም አትፈታም። የትኛዋ ትሻለናለች?

መልስ፦ ቤተሰቡን እንዳለ ከመዘንነው ሪሚኒ ትሻላችኋለች። ባለቤትዎ ግን ኒስን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለዓይን ከሆነ ኒስ ትበልጣለች። ባሕሯ የጠራ ሰማያዊ ነው፤ የባሕሩን ዳር ተከትሎ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው ፕሮምናድ ዴ ዛንግሌ የተባለው ጎዳና ለእግር ጉዞ የተመቸ ነው፤ ከጀርባዋ ተራሮች አሏት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2021 ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ሪሚኒ የምትገኝበት የሰሜን አድሪያቲክ ባሕር ግን ጥልቀት የሌለውና የፖ ወንዝ ደለሉን የሚያፈስበት በመሆኑ፣ ውኃው ወደ አረንጓዴ የሚያደላና ብዙ ጊዜ ደፍረስ ያለ ነው። በፎቶግራፍ ያዩትን ሰማያዊ ባሕር እዚያ እጠብቃለሁ ካሉ ቅር ይልዎታል።

ልጆችዎን የሚጠቅማቸው ግን ይኸው ጥልቀት ማጣቱ ነው። የሪሚኒ ዳርቻ ደቃቅ አሸዋ ነው፤ ውኃውም ቀስ በቀስ እንጂ በድንገት ስለማይጠልቅ አዋቂ ሰው ብዙ ርቀት ገብቶም ከወገቡ አያልፍም፤ የአምስት ዓመቱም ልጅ በጎልማሳ ጥበቃ ዳር ዳሩን ሲንቦጫረቅ መዋል ይችላል። የኒስ ዳርቻ አሸዋ ሳይሆን ጠጠር ነው፤ ያውም ለባዶ እግር የማይመች፣ ጫማ አድርገው ካልገቡበት የሚያስነክስ ጠጠር። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ከውኃው ጠርዝ ጥቂት እርምጃ እንዳለፉ ወለሉ ወደ ታች መውረዱ ነው። ዋና ለማይችሉ ሁለት ልጆች ይህ በአንድ ቀን ሽርሽር የሚታለፍ ችግር ይሆናል፤ ለሳምንታት ከሆነ ግን አንዳችሁ ሁልጊዜ ውኃው ውስጥ ቆማችሁ መጠበቅ ግድ ይላችኋል። ኒስ አካባቢ አሸዋ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ በባቡር ወደ አንቲብ ወይም ወደ ዡዋን ሌ ፓን ይኬዳል። ነገር ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናትና ሁለት ልጆችን ይዞ በየጠዋቱ ባቡር መሳፈር ዕረፍት አይባልም።

በሪሚኒ የባሕሩ ዳር አብዛኛው ክፍል ቁጥር በተሰጣቸው የባሕር መዋኛና ማረፊያ ሥፍራዎች የተከፋፈለ ነው። ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ አንድ ጃንጥላና ሁለት መጋደሚያ ወንበር በቀን፣ በሳምንት ወይም በወር ትከራያላችሁ፤ ቦታው እስክትሄዱ ድረስ የእናንተው ነው። ሻወር፣ መጸዳጃ ቤትና ብዙውን ጊዜ የልጆች መጫወቻም አብሮ አለ፤ ነፍስ አድን ሠራተኛም አሸዋው ላይ ተሰይሞ ይጠብቃል፤ ቀይ ባንዲራ በተሰቀለበት ቀን ግን ማንም ወደ ውኃ አይገባም። ጎረቤቶቻችሁ በየቀኑ እነዚያው ሰዎች ስለሚሆኑ ልጆች ቋንቋ ሳይገድባቸው ጓደኛ ያፈራሉ፤ እኔ በበኩሌ ለረጅም ቆይታ ከመልክዓ ምድር ይልቅ ይህን አስቀድማለሁ። ለባሕሩ የቀረበው የመጀመሪያው ረድፍ ከሁሉ ውድ ነው፤ አሸዋው ሰፊ ስለሆነ የመጨረሻው ረድፍ ደግሞ ለእናትዎ ጉልበት ይርቃል። መካከለኛውን ረድፍ፣ የሚቻል ከሆነም ከመተላለፊያው መንገድ አጠገብ ያለውን ቦታ ይጠይቁ። በገንዘብ ረገድ ኒስ አንድ ብልጫ እንዳላት መካድ አይገባም፤ የዳርቻዋ ብዙ ክፍል ነጻ ሲሆን በሪሚኒ ያለ ክፍያ የሚገባበት ቦታ ጥቂት ነው።

የጾሙ ነገር ከሁሉ የበለጠ ማሰብ ይጠይቃል፤ መልሱም በዕቅዳችሁ ላይ ለውጥ ያመጣል። የሪሚኒ ትንንሽ የቤተሰብ ሆቴሎች፣ ማለትም ፔንሲዮኖቹ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ከመኝታው ጋር አንድ ላይ ያስከፍላሉ። ዋጋው ለቤተሰብ ይመቻል፤ ማዕዱ ግን የሮማኛ ክፍለ ሀገር ማዕድ ነው። የአካባቢው ትኩስ ፓስታ በእንቁላል ይቦካል፤ ፒያዲና የተባለው ቂጣም በባህላዊ አሠራሩ የአሳማ ስብ ይገባበታል፤ ስለዚህ እናትዎ በጾም ቀን ብቻ ሳይሆን በፍስክም ሊጠነቀቁት ይገባል። በወይራ ዘይት የተዘጋጀ ፒያዲናም ስለሚሸጥ ሳይጠይቁ አይግዙ። እንቁላል የሌለበት ደረቅ ፓስታ በቲማቲም ስጎ ለረቡዕና ለዓርብ ይበቃል። የኒስ ሰዎች ደግሞ ሶካ የሚሉት፣ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውኃ፣ ከወይራ ዘይትና ከጨው ብቻ የሚጋገር ስስ ቂጣ አላቸው፤ ሽሮ ለለመደ አፍ እንግዳ አይሆንም።

ስለዚህ ምክሬ የሚከተለው ነው። በሰኔ መጨረሻ ሚላኖ ላይ ትወርዳላችሁ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሚላኖ ይበራል። ከዚያ በጄኖቫ በኩል ባሕሩን ታክኮ በሚሄደው ባቡር፣ ድንበሩ ላይ ቬንቲሚሊያ ቀይራችሁ፣ አምስት ሰዓት ገደማ ተጉዛችሁ ኒስ ትገባላችሁ። እዚያ ከሳምንት ያነሰ ጊዜ፣ ማድ ቤትና አሳንሰር ባለው አፓርታማ ውስጥ ቆዩ፤ ጊዜው ጾመ ሐዋርያት ገና ያልተፈታበት ስለሆነ እናትዎ ሶካውን በሰላም ይበላሉ፤ ባለቤትዎም የሚመኙትን ባሕር ያያሉ። ከዚያ ሚላኖ ላይ አንድ ሌሊት አርፋችሁ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ በሚፈጅ ባቡር ሪሚኒ ገብታችሁ ሐምሌን በሙሉ እዚያው አሳልፉ። ልጆቹ ከባሕሩ ዕረፍት የሚፈልጉበት ቀን ሲመጣ ትንሿ አገር የሳን ማሪኖ ሪፐብሊክ በአውቶቡስ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይበቃታል፤ ከጣሊያን ጋር ባላት ወሰን ላይም የፓስፖርት ቁጥጥር የለም። የነሐሴውን ክፍል ግን ተዉት። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ቀን ነው፤ በጣሊያን ትልቁ የዕረፍት በዓል ፌራጎስቶ ደግሞ ነሐሴ 9 ቀን ስለሚውል የሆቴሉ ዋጋም የሰዉም ብዛት ጣሪያ የሚነካው በእነዚያው ሳምንታት ነው። ፍልሰታን አራት ኪሎ ብትጾሙ ዕረፍቱ በሁለት ሳምንት ያጥራል፤ ወጪው ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ይቀንሳል።

ክረምታችን ቀዝቃዛ በሆነበት ወቅት ሪሚኒ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አየሩም እርጥበት አዘል ስለሆነ ሌሊቱ ለደጋ ሰው ይከብዳል። አየር ማቀዝቀዣ በክፍሉ ውስጥ መኖሩንና ለብቻው የሚያስከፍል አለመሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ቪዛን በተመለከተ ሁለቱም ኤምባሲዎች ቀበና ስለሆኑ በቅርበት አይመረጡም፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው፤ ይኸውም ጣሊያን ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የመልስ መጠበቂያው ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማመልከት ስለሚቻል ከመጋቢት አያሳልፉት። ክፍያው ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ሲሆን ከ6 ዓመት በታች ነጻ ነው፤ ለእናንተ በድምሩ 315 ዩሮ ይመጣል፤ የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድንም ይጠየቃል። ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ስለሚሆን መንገዳችን ነው ብላችሁ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ለንደን ብትሻገሩ ተመልሳችሁ ጣሊያን አትገቡም። ሆቴሉን እስከ ጉዞው ዋዜማ ያለ ቅጣት መሰረዝ በሚቻልበት ውል ያስይዙ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣን ባልና ሚስት ነን፤ ነዋሪነታችን ካዛንቺስ ነው። ሁለታችንም አንዋኝም። ባሕር እያየን አንድ ወር ማረፍ እንፈልጋለን። ከኒስና ከሪሚኒ የቱ ይመከራል?

መልስ፦ ለእናንተ ኒስ። ያውም የመስቀል በዓልን አክብራችሁ፣ በመስከረም መጨረሻ ሂዱ፤ ያን ጊዜ የዕረፍት ሰዉ ተመልሷል፣ ሙቀቱም በርዷል። የሪሚኒ የባሕር ዳር ሥራ በአብዛኛው በመስከረም ስለሚዘጋ በዚያ ወቅት ከተማዋ ለእንግዳ ጭር ትላለች። በኒስ ግን የሠዓሊዎቹ የማቲስና የሻጋል ቤተ መዘክሮች አሉ፤ ወደ ቪልፍራንሽና ወደ ማንቶን የሚወስደው ባቡርም አጭር መንገድ ነው። የአትክልትና የአበባ ገበያው ኩር ሳሌያ ሰኞ ሰኞ ለአሮጌ ዕቃ ሻጮች ስለሚለቀቅ ለቤታችሁ የሚሆነውን እሑድ ገዝታችሁ ግቡ።