ረቡዕና ዓርብ በአንድ ትሪ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ወሎ ውስጥ ወዳሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተመደቡ አዲስ ገቢዎች ስለ ተማሪዎች ካፌ የላኩልንን ጥያቄዎች እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የደረሰኝ። የዶርሜ ልጆች ሽሮ ሲሆን እንጀራቸውን አንድ ትሪ ላይ አድርገው ይበላሉ፤ ሥጋ ሲሆን ግን የተለያየ ሰልፍ ይዘው ለየብቻ ይቀመጣሉ። የተጣሉ መስሎኝ ነበር። ደንቡ ምንድን ነው?

መልስ፦ አብሽሪ፣ አልተጣሉም። ወሎ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ቡናውንም ሰርጉንም ሐዘኑንም አብሮ ነው፤ የማይጋራው የታረደውን ብቻ ነው። ድግስ የሚደግስ ሰው ለሌላው ወገን እንግዳ በራሱ ሰው ያሳርዳል፣ በተለየ ድስት ያሠራል። ካፌውም የሚሄደው በዚሁ ነው፤ ሥጋ ሲኖር ሰታቴውም ጭልፋውም ሰልፉም ይለያል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድንቹ ግን የሁሉም ነው። ስለዚህ የክርስቲያኑ ጾም የሆኑት ረቡዕና ዓርብ፣ ሁሉም ከአንድ ወጥ ስለሚበላ፣ አብሮ ለመብላት የተመቹ ቀናት ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ቀኑን ሳይሆን ወጡን እያየሽ ተቀመጪ።

ችግር የሚመጣው በትንንሽ ነገር ነው። በሥጋ ወጥ የራሰ እንጀራ ከጎረቤት ትሪ ጫፍ ጋር ይነካካል፤ ወይም አንዱ ማንኪያውን ከራሱ ወጥ አውጥቶ የሌላውን ይቀምሳል። በሥጋ ቀን ትሪ አታገጣጥሚ፣ ጉርሻም አታቅርቢ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ግን ነውር የለውም። ሰልፍ ከተሳሳትሽ ወጡ ሳይጨለፍልሽ «እትዬ፣ ሰልፍ ተሳስቼ ነው» በይ። አንዴ ከተጨለፈ ወደ ሰታቴው አይመለስም። እጅሽን ሳታስነኪ ለሚበላው ልጅ ስጪና ሌላ ንጹሕ ትሪ አንሺ። ሥጋውን ለቅሞ አውጥቶ «መረቁን ብላው» ማለት ለባልንጀራ ውለታ አይደለም፤ መረቁም ያው ሥጋ ነው።

ጥያቄ፦ ግራኝ ነኝ። አብሬያቸው ስበላ ይሳቀቁብኛል?

መልስ፦ በራስህ ትሪ ላይ ብዙም የሚያይህ የለም። በጋራ ትሪ ላይ ግን በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ምግብ በቀኝ እጅ ነው። ቀላሉ መንገድ ሳይጀመር ድርሻህን ወደ ራስህ ጥግ መሳብ ወይም ማንኪያ መያዝ ነው። እንጀራውን በቀኝህ ለመቁረስ ከሞከርክ ከጫፉ ጀምር፤ መሐል ላይ ወጥ ስለሚያርሰው በቀኝ ያልለመደ እጅ ያፈርጠዋል። ጉርሻ ግን በግራ አይሰጥም፣ ይህ ላይ ማመካኛ የለም።

ጥያቄ፦ ምስሩ አንድ ቀን ውኃ ነው፣ አንድ ቀን ወፍራም። ለምን?

መልስ፦ ወጡ አንድ ነው፤ የሚለየው ጭልፋው የገባበት ጥልቀት ነው። በትልቅ ሰታቴ ውስጥ ምስሩ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ዘይቱና ቀጭኑ ወጥ ላይ ይቀራል። አስተናጋጇ በየጥቂቱ ከሥር ካላማሰለች የሰልፉ መጀመሪያ ቀጭኑን፣ መጨረሻው ወፍራሙን ያገኛል። «እባክዎ ከታች ያማስሉልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሰልፍ ዘሎ መግባት ግን ነውር ነው፤ ቦታ ይዤልሃለሁ የሚባለውም ያው መዝለል ነው።

ጥያቄ፦ የዶርም ልጆቼ ገሚሱ ዐቢይ ጾምን፣ ገሚሱ ረመዳንን ይጾማሉ። አብረው ሲገቡ ካፌው እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ይህ በቅርብ የሆነ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገብተዋል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ጥቂት ዓመት ተገጣጥመው ይለያያሉ። ጿሚ ሙስሊም ተማሪ የቁርሱና የምሳው ድርሻ ወደ ኢፍጣርና ሱሁር (ከንጋት በፊት የሚበላው) እንዲዞርለት ወሩ ሳይገባ ይመዝገብ፤ ምግብ የሚሠራው በተመዘገበው ሰው ቁጥር ነው፣ ዘግይቶ የመጣ ይጎድልበታል። ኢፍጣር ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ ማለትም ከምሽቱ 12፡30 አካባቢ፣ ያው የእራት ሰልፍ በሚበዛበት ሰዓት። የማትጾም ከሆነ ቀድመህ ብላ ወይም ጿሚውን አሳልፈው። በቀን ካፌ ገብተህ መብላትህን የሚከለክልህ የለም፤ ዶርም ውስጥ የሽንኩርት ሽታ ያለው ነገር መክፈት ግን ቢቀር ይሻላል። ለሱሁር የምትነሣ ደግሞ ዳቦህን፣ ቴምርህን፣ ውኃህን ማታውኑ አልጋህ አጠገብ አድርግ፤ ስልክህን በንዝረት ብቻ አንቃ፣ መብራቱን አታብራ።

ጥያቄ፦ ሚል ካርዴ (የካፌ መግቢያ ካርዴ) ጠፋ፤ የጓደኛዬን ይዤ ብገባስ?

መልስ፦ አትግባ። ቲከሩ፣ በር ላይ ካርድ የሚያየው ሠራተኛ፣ ፎቶውን ካየ ሁለታችሁም ትከሰሳላችሁ፣ እሱም ምግቡን ያጣል። በጠፋበት ቀን ለተማሪዎች አገልግሎት አመልክት፤ አዲሱ እስኪሠራ ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጡህ እንደሆነ ያኔውኑ ጠይቅ። ምግብ በፌስታል ማውጣትም በብዙ ግቢ የተከለከለ ነው። ለታመመ ጓደኛ ከሆነ ከክሊኒክ ወይም ከፕሮክተር (ከዶርም ተቆጣጣሪው) ወረቀት አሠርተህ ውሰድለት።

ጥያቄ፦ ነን-ካፌ ልሁን? ማለትም ካፌውን ትቼ የምግቡን ብር ልውሰድ?

መልስ፦ መጀመሪያ አስቢው፦ ምግቡን በብር ብትወስጂውም ዕዳው አይቀርም። በወጪ መጋራቱ፣ ማለትም ተማሪው ከተመረቀ በኋላ በሚከፍለው ድርሻ፣ የምግብና የመኝታ ወጪ ሙሉ በሙሉ በተማሪው ላይ ይያዛል፣ ካፌ ብትበዪም ያው ነው። ከዚያ ግቢሽ ውጭ ያለ ምግብ ቤት የአንድ ወር ኮንትራት ስንት እንደሚጠይቅ እወቂና ከሚሰጥሽ ብር ጋር አስተያዪ። ብሩ በዘገየ ሳምንት የምትበዪው በሶና ቆሎ ከቤት ከሌለሽ ካፌው ላይ ቆዪ። ምዝገባው በአብዛኛው በሴሚስተር መግቢያ ስለሆነ፣ ከወጣሽ በኋላ ሐሳብሽን ብትቀይሪ እስከሚቀጥለው መጠበቅ ይመጣል።