ስለ ሉቃስ ወንጌል የጠየቃችሁኝ

ደሴ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ የሉቃስን ወንጌል ሳስተምር ዓመታት ሆኖኛል። «ያሻችሁን ጠይቁ» ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ መጠየቅ ይቻላል? በደጉ ሳምራዊ ታሪክ ውስጥ ሰውየው ሳምራዊ መሆኑ ለምን አስፈለገ?

አብሽር፣ ይቻላል እንጂ! ነገሩ ምዕራፍ 10 ላይ ነው። አንድ ሕግ አዋቂ «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ብሎ ኢየሱስን ጠየቀው። እሱም ታሪክ ነገረው። አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ደብድበው ጥለውት ሄዱ። መንገዱ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል። ከደሴ ሐረጎን ይዘን ወደ እናንተ ስንወርድ አስበው፤ ያኛው ቁልቁለት ግን 1,000 ሜትር ያህል ነው። ካህኑ አይቶ አለፈ። የቤተ መቅደስ አገልጋዩ ሌዋዊም አለፈ። የቆመው ሳምራዊ ነው፣ ያን ጊዜ አይሁድና ሳምራውያን ደግሞ አይዋደዱም ነበር። ቁስሉን አሰረለት፣ በራሱ አህያ ጫነው፣ ለማደሪያው ባለቤት 2 ዲናር ሰጠ። ያን ጊዜ አንድ ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ነበር።

ልብ በል፤ ኢየሱስ ጥያቄውን ገለበጠው። «ባልንጀራ የሆነው ማንኛው ይመስልሃል?» አለ። ሕግ አዋቂው «ሳምራዊው» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣለት ብሎ ይመስለኛል፣ «ምሕረት ያደረገለት» ብሎ መለሰ። ሙስሊምና ክርስቲያን ለቅሶ በሚደራረስበት አገር ይህን ማስተማር አይከብደኝም።

ከወልድያ አካባቢ፦ ታናሽ ወንድሜ የአባታችንን በሬ አሽጦ ዓረብ አገር ሄደ። ባዶ እጁን ሲመለስ አባቴ በግ አረደለት። እርሻውን ይዤ የቀረሁት እኔስ? ወንጌሉ ለእኔ ምን ይላል?

ወንድምዓለም፣ ምዕራፍ 15 የተጻፈው እናንተ ቤት ነው እንዴ? ስንሰብክ ሁሌ የምናወራው ስለ ታናሹ ነው። አባቱ ሳይሞት ድርሻውን ወሰደ፣ በተነው፣ እሪያ ጠባቂ ሆነ፤ ሲመለስ ግን አባቱ ድግስ ደገሰለት። (እሪያ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው፣ ለሁለቱም ሃይማኖት፣ አላብራራም።) ግን ታሪኩ የተነገረው ለማን ነው? ኢየሱስን «ከኃጢአተኞች ጋር ይበላል» እያሉ ላጉረመረሙበት ነው። የእነሱ ቦታ የታላቁ ልጅ ነው። ስለዚህ ታሪኩ ያንተ ነው።

ታላቁ «ለእኔ አንድ ጠቦት እንኳ አልሰጠኸኝም» አለ። አባትየው አልተቆጣውም። ድግሱን ጥሎ ወጥቶ ለመነው። «አንተ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፣ ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው» አለው። ልጁ «ይህ ልጅህ» ሲል አባትየው «ይህ ወንድምህ» ብሎ መለሰለት። እኔን የምትይዘኝ ይህች ቃል ናት። ከዚያ ታላቁ ገባ ወይስ ውጭ ቀረ? ሉቃስ አይናገርም።

የበሬውን ነገር ግን ተነጋገሩበት። ምዕራፍ 19 ላይ ቀራጩ ዘኬዎስ ማንም ሳይጠይቀው «በሐሰት የወሰድኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ብሏል። ይቅር መባባል ሒሳብ ማወራረድን አይከለክልም።

ከሐይቅ፦ ነዌ የተኮነነው ሀብታም ስለሆነ ነው?

አይደለም። ነዌ የምንለው ደጁ ላይ ድሃው አልዓዛር ተኝቶበት የነበረውን ሀብታም ነው። አልዓዛር ሲሞት በእቅፉ የተቀበለው አብርሃም ራሱ ባለጸጋ ነበር። ምዕራፍ 16 ሀብታሙ አልዓዛርን መታው ወይም አባረረው አይልም። ድሃው ደጁ ላይ ተኝቶ ነበር፣ ቁስሉን የላሱት ውሾች ናቸው። ጥፋቱ እዚያው ነው፤ ደጁ ላይ ያለውን ዝም ማለቱ። «ነዌ» የሚለው ስም ደግሞ ከእኛው ትውፊት ነው፣ ሉቃስ ስሙን አልጻፈም።

ከደሴ፦ ምዕራፍ 14 ላይ «አባቱንና እናቱን የማይጠላ» ይላል። እናቴን ልጥላ?

ኧረ በፍጹም! በዕብራውያን አነጋገር «መጥላት» አሳንሶ መውደድም ይሆናል። ማቴዎስ 10 ላይ «ከእኔ ይልቅ አባቱን ወይም እናቱን የሚወድ» ተብሎ ተቀምጧል። እዚያው ሉቃስ 18 ላይ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ታገኛለህ።

ከዚያው ከደሴ፦ አንብቤው አላውቅም። ከየት ልጀምር?

24 ምዕራፍ ነው፤ በቀን አንድ ብታነብ ወር አይሞላም። የሉቃስ በዓል ጥቅምት 22 ነው፣ እስከዚያ ትጨርሰዋለህ። ከ15 ጀምርና ወደ 1 ተመለስ። ታላቁ ልጅ የገባ ከመሰለህ ጻፍልኝ።