አምና የሠራችሁትን ዜማ አትጣሉት

ልጆች፣ ሰሞኑን አንዱ ተማሪዬ «ጋሼ፣ ይሄንን እኮ አምና ቀድቼዋለሁ፣ አሁን አዲስ ነገር ልሥራ» አለኝ። አልተከራከርኩትም። የሳክስፎን ተጫዋቹን የጋሽ ጌታቸው መኩሪያን «ሞዓ አንበሳ» የተባለ አልበም ከፈትኩለት።

አልበሙ የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጋሽ ጌታቸው ያኔ 70 ዓመት አልፏቸዋል። ሽለላን በሳክስፎን መንፋት የጀመሩት ግን በወጣትነታቸው ነው፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያም በሸክላ አስቀርፀውታል። ታዲያ ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው ያንኑ ሽለላ ይዘው ከማን ጋር ቢገቡ ጥሩ ነው? ዘ ኤክስ ከሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር! ጊታሩ ይሻክራል፣ ከበሮው ይደበድባል። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ስሰማው አልጣመኝም።

በኋላ ግን የድሮውንና የአዲሱን ሽለላ አከታትዬ ሰማኋቸው። እናንተም እንደዚያ ስሙ። በሁለቱም ሳክስፎኑ ፎካሪ ነው፤ አንድ ድምፅ ላይ ቆሞ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትንፋሽ ይስብና ደግሞ እንደ ቃል ያዥጎደጉደዋል፣ «ዘራፍ!» ሲል ይሰማችኋል። ያቺን ፉከራ አልነኳትም። የተቀየረው ዙሪያዋ ነው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ለማለስለስ አልሞከሩም፣ እኔ የምወድላቸው ይህንን ነው።

እኔ በጉብዝናዬ ጊዜ የሠራሁት ተቃራኒውን ነው። የራሴን ዜማ ላሻሽል ብዬ ኮርድ በኮርድ ላይ ከመርኩበት፣ ፍጥነት ጨመርኩበት፣ ሶሎውን አስረዘምኩት፤ ጎበዝ የተባልኩ መስሎኝ ከመድረክ ስወርድ የራሳችን ከበሮ መቺ «የመጨረሻው የቱ ነበር?» አይለኝም መሰላችሁ! ስድስት ወር አብሮኝ የተጫወተው ዜማ ነው እኮ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። የድሮ ሥራዬን ከመነካካቴ በፊት መሣሪያውን አስቀምጬ ዜማውን በአፌ አዜመዋለሁ። ያለ ሪድ (የሳክሱ አፍ ላይ የምትታሰረው ቀጭን ሸምበቆ)፣ ያለ ጣት፣ ያለ ባንድ። ጣት የለመደውን ይሮጣል፣ አፍ ግን ያልገባውን ነገር ማለት አይችልም። ስታዜሙት ብትዘሏት ዜማው የሚፈርስባችሁ ሐረግ ትኖራለች፣ እሷን ያዙ። ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፤ ምቱንም ቀይሩ፣ ሰውም ቀይሩ።

ተማሪዬ ሁለቱንም ሰምቶ ሲጨርስ ሳክሱን ከሳጥኑ አላወጣም። አምና የቀዳውን በአፉ ሞከረው። ሁለተኛው ሐረግ ላይ ትንፋሽ አጠረው። ሳቀና «እዚህ ጋ እኮ ሲቀዳም ቆርጬ ነው የቀጠልኩት» አለኝ።