ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ውሻዬ ከሞተ ወዲህ ከተማው አስጠላኝ፤ አእምሮዬ ተነክቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 64 ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን የምኖረው ሐዋሳ ነው። ባለቤቴ ከ5 ዓመት በፊት አርፋለች፤ ልጆቼም ርቀው ይኖራሉ። 13 ዓመት አብሮኝ የኖረው ውሻዬ ቦቢ ከ3 ሳምንት በፊት ሞተብኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ሌሊት ደረቴን ያፍነኛል፤ በሩን በጥፍሩ ሲቧጥጥም እሰማዋለሁ። ጎረቤት እንዳይሰማኝ ራዲዮ ከፍቼ አለቅሳለሁ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛሁትን ዲያዜፓም የተባለ የሚያስተኛ መድኃኒት ማታ ማታ እወስዳለሁ። የደም ግፊት መድኃኒቴን ግን አላቋረጥኩም። አሁን ሐሳቤ ሁሉ ቤቴን አከራይቼ ሲዳማ ገጠር ውስጥ አርቤጎና፣ አባቴ መሬት ላይ፣ ማንም ወደማያገኘኝ ስፍራ ገብቼ መኖር ነው። ይህ የአእምሮ ሕመም ነው ወይስ የልብ? ቦቢ በመጨረሻዎቹ ቀናት መዋጥ አቅቶት ምራቁ ይዝረበረብ ስለነበር አጥንት የተሰነቀረበት መስሎኝ ጉሮሮውን ስፈትሽ አውራ ጣቴን አድምቶኛል። አንድ ወዳጄ የባህል መድኃኒት አጠጥቶኝ ቁስሉ ድኗል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ያጽናዎት። አእምሮዎ አልተነካም። የደረሰብዎ ነገር ኀዘን ነው። 13 ዓመት ሙሉ ጧት የሚከፈትለት በር፣ ማታ የሚቀርብለት ትርፍ እንጀራና ሌሊት የሚጠበቅ ድምፅ የነበረው ሰው፣ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሲቋረጥበት እንቅልፉ መናወጡ የሚያስገርም አይደለም። በሩን ሲቧጥጥ መስማትዎም የእብደት ምልክት አይደለም። የሚወዱትን ያጡ ብዙ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሟቹን ድምፅ ወይም ኮቴ የሰሙ ይመስላቸዋል፤ አንጎል ለዓመታት የለመደውን ድምፅ መጠበቁን ወዲያው አያቆምምና። ይህ ብዙውን ጊዜ ያለ መድኃኒት እየሳሳ ይሄዳል።

የእርስዎን ኀዘን የሚያከብደው ተካፋይ ማጣቱ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛ ይሰበሰባል፣ ሠልስት ይወጣል፣ አርባና ሰማንያ ይቆጠራል፤ ኀዘንተኛውም በዚህ ሥርዓት እየተደገፈ ቀስ በቀስ ወደ ኑሮው ይመለሳል። ለቦቢ ግን ድንኳን አልተተከለም። ቢያለቅሱ «ለውሻ ይለቀሳል ወይ?» እንዳይባሉ ሰግተው ራዲዮ ይከፍታሉ። ደግሞም ቦቢ ባለቤትዎ በሕይወት ሳሉ ወደ ቤትዎ የገባ ነውና፣ የእርሱ መሞት የእርሳቸውን ኀዘን እንደገና ሳይቀሰቅስብዎ አልቀረም። ስለ እብደት ቢጠይቁኝም፣ ከጥያቄዎ ጀርባ የታየኝ ፍርሃት ሌላ ነው፦ ሌሊት ደረትዎ ሲታፈን በዚያ ቤት ውስጥ ሌላ የሚተነፍስ ነፍስ የለም፤ «አንድ ነገር ብሆን ማን ያውቃል?» የሚለው ሐሳብም ከእንቅልፍዎ ያባንንዎታል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ግን ለሌላው ሁሉ ቅድሚያ የሚሰጠውን ነገር ልንገርዎ። በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጠቀሱት አውራ ጣት ከልብዎም ከእንቅልፍዎም በላይ አሳስቦኛል። መዋጥ ያቃተው፣ ምራቁ የሚዝረበረብና በጥቂት ቀናት ውስጥ የሞተ ውሻ ሰው ካደማ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ የእብድ ውሻ በሽታ እንደነበረበት ተቆጥሮ ለደማው ሰው ሕክምና መሰጠት አለበት።

«ቦቢ አላበደም፤ ጥግ ይዞ ጸጥ ብሎ ነው የሞተው» እንደሚሉኝ እገምታለሁ። ስንት ሰው በዚህ አስተሳሰብ ተዘናግቷል! በሕዝባችን ዘንድ ያበደ ውሻ ማለት ጅራቱን ቆልፎ የሚሮጥ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚናከስ ውሻ ነው። በሽታው ግን ሌላም መልክ አለው። በዚህኛው መልክ ውሻው አይሮጥም፣ አይናከስም፤ ጨለማ ጥግ ይመርጣል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ የመንጋጋውና የጉሮሮው ጡንቻ ስለሚዝል አፉ ተከፍቶ ይቀራል፣ ምራቁን መዋጥ ስለማይችልም ይዝረበረባል፤ ከዚያም የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስለውና ከርኅራኄ የተነሣ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። እርስዎም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የዋህነትዎን አልነቅፍም፤ ማንኛውም ውሻውን የሚወድ ሰው የሚያደርገው ነው። ነገር ግን ቫይረሱ ያለው በዚያው ምራቅ ውስጥ ነው።

ቦቢ በእርጅና ብቻ ሞቶ ሊሆን ይችላል። የኩላሊት መድከምም ሆነ የአንጎል ሕመም የሸመገለ ውሻን መብላትና መጠጣት ያሳጣዋል፤ ምናልባትም እውነቱ ይህ ነው። ችግሩ ግን አሁን ይህን ማረጋገጥ የሚችል ሰው አለመኖሩ ነው። የነከሰ ውሻ በሕይወት ቢኖር ለ10 ቀን እየተጠበቀ ይታይ ነበር፤ እንደሞተ ወዲያው ቢሆን ደግሞ አንጎሉ በላቦራቶሪ ይመረመር ነበር። ከ3 ሳምንት በኋላ ሁለቱም አልፈዋልና መቃብሩን እንዳይቆፍሩ። ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ተከትቦ ከነበረም በዚህ አይተማመኑ፤ ክትባቱ በየጊዜው መታደስ ያለበት ነው።

ቁስሉ ድኗል ብለዋል። የዳነው ቆዳው ነው። ቫይረሱ ከገባ ከቁስሉ ተነሥቶ የነርቭን መንገድ ይዞ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ በዚህ ጉዞ ላይ ሳለ ሕመም የለም፣ ትኩሳት የለም፣ በደም ምርመራ የሚታይም ነገር የለም። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ በሳምንት የታየበትና እስከ ዓመት የቆየበትም አለ። ስለዚህ 3 ሳምንት በደኅና መክረምዎ ነጻ ለመሆንዎ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ «40 ቀን ካለፈ አያሰጋም» የሚባለውም ስሕተት ነው። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ፣ ይኸውም የተነከሰው ቦታ መንዘርና ማሳከክ፣ ትኩሳት፣ ውኃ ለመዋጥ ሲሞክሩ የጉሮሮ መኮማተር፣ ነፋስና ውኃ መፍራት ከመጣ፣ በየትኛውም አገር የሚገኝ ሐኪም የሚያደርገው ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ሕመምተኛው ይሞታል። ከዚያ በፊት ከተከተቡ ግን በሽታውን መከላከል ይቻላል። ክትባቱ ከተነከሱ በኋላም የሚሠራው ቫይረሱ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ነው፤ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በ1885 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ያተረፈውም ይህንኑ የጊዜ ልዩነት ተጠቅሞ ነው። እርስዎም እስካሁን ጊዜ አለዎት፤ ዘግይተዋል ተብሎ ክትባት አይከለከልም።

ስለ ጠጡት የባህል መድኃኒት ያለ መሸፋፈን ልናገር። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያቆም ሥርም ሆነ ቅጠል የለም። ሰው የሚያምንበት ምክንያት ይገባኛል፦ በበሽታው የተያዘ ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉ አይታመምም፤ ብዙዎቹ የነከሷቸው ውሾችም ከመነሻው ጤነኞች ናቸው። ጠጥተው የተረፉት ለዓመታት ሲመሰክሩ ይኖራሉ፤ ጠጥተው የሞቱት ግን ቀርበው አይመሰክሩም። መምህር ነዎትና ይህን የማስረጃ ጉድለት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ለሌላው ሊያስረዱ ይገባ ነበር። ከሕክምና ባለሙያ ጋር ሳይማከሩ 3 ሳምንት ሙሉ በአንድ ወዳጅ ቃል መተማመንዎ በእውነቱ አሳዝኖኛል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለመጨረስ እንኳ ሳይቆዩ ወደ አዳሬ ሆስፒታል ወይም ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «ውሻ ነክሶኛል» ብቻ ብለው አያቁሙ፤ «መዋጥ ያቃተው ውሻ እጄን አድምቶ በቀናት ውስጥ ሞቷል» ይበሏቸው፤ የሚሰጠው ሕክምና የሚወሰነው በዚህ ዝርዝር ነው። ክትባቱ በዕለቱ ከሌላቸው የት እንደሚገኝ በጽሑፍ ሳይቀበሉ አይውጡ። ብዙ ሰው የሚሸሸው በሆድ ላይ ለተከታታይ ቀናት ይወጋ የነበረውን መርፌ እያስታወሰ ነው። ያ ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጅና የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር ከመከረ ብዙ ዓመታት ያለፉት ክትባት ነው። ዘመናዊው የሚሰጠው በክንድ ላይ ነው፤ በተለመደው መርሐ ግብር በመጀመሪያው ቀን (ይህ ቀን 0 ተብሎ ይቆጠራል)፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና ከ14ኛው እስከ 28ኛው ባለው በአንዱ ቀን ይወሰዳል። አንዱንም ቀን አይዝለሉ። ደም በወጣበት ንክሻ ላይ በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒትም አለና ስለ እርሱ ይጠይቁ። በቤትዎ የምታግዝዎ ሰው ወይም የጎረቤት ልጅ የቦቢን ምራቅ ጠርገው ከሆነ፣ በተለይም እጃቸው ላይ ጭረት ከነበረ፣ አብረውዎት ይሂዱ። ለወደፊቱ ደግሞ ማንም ቢነከስ በመጀመሪያ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያጥበው፤ ሎሚና በርበሬ አያድርግበት።

ስለ ዲያዜፓም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሸጠልዎም ጥፋተኛ ነው፤ እርስዎም ሊያውቁት ይገባል። በእርስዎ ዕድሜ ይህ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ጧት ያደነዝዛል፣ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲነሡ ይጥላል፣ ሲቆይም እርሱን ሳይወስዱ መተኛት ያቅታል። ከአልኮል ጋር ሲቀላቀል ትንፋሽ ሊያቆም ይችላልና እርሱን በወሰዱበት ምሽት አረቄም ሆነ ቢራ እንዳይነኩ። ከ2 ሳምንት በላይ በየቀኑ ከወሰዱት ግን በአንድ ሌሊት አይጣሉት፤ ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱና እንዴት እየቀነሱ እንደሚያቆሙት ሐኪሙ ይወስንልዎ።

ደረትዎን በተመለከተ፣ ሌሊት ብቻ የሚመጣና ቀን ሲራመዱ የማይሰማዎ መታፈን አብዛኛውን ጊዜ ከጭንቀት የሚመጣ ነው። ቢሆንም 64 ዓመትና የደም ግፊት ስላለዎት በዚያው ሆስፒታል ግፊትዎ ይለካ፣ የልብ ምርመራም ይነሣ። የደም ግፊት መድኃኒትዎን አለማቋረጥዎ መልካም አድርገዋል። ሕመሙ ሲራመዱ የሚመጣ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ላብ የሚያጠምቅ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

አሁን ወደ አርቤጎና። የአባት መሬትን መናፈቅ ሕመም አይደለም። ቀርከሃውንና እንሰቱን፣ ብርዱንና ጸጥታውን የሚያውቅ ሰው፣ የባጃጅ ጩኸት በበዛበት ከተማ ብቻውን ሲቀር ልቡ ወደዚያ መሄዱ ተፈጥሯዊ ነው። እኔን ያቆመኝ «ማንም ወደማያገኘኝ ስፍራ» ያሉት ነው። ስለዚህ በግልጽ እጠይቅዎታለሁ፦ የተመኙት ገጠርን ነው ወይስ መጥፋትን? ሌሊት «ባልነቃ ይሻላል» የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል? ራስዎን ለመጉዳትስ አስበው ያውቃሉ? መልሱ አዎ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ለልጆችዎ ይደውሉ፣ ለሐኪሙም ሳያፍሩ ይንገሩት፤ የዲያዜፓሙንም ማሸጊያ ሌላ ሰው ዘንድ ያስቀምጡ። ይህ ሐሳብ የሚታከም ነው፤ ብቻን በመሆን ግን ይብሳል።

መልሱ «አይደለም፣ የናፈቀኝ አገሬ ነው» ከሆነ ደስ ይለኛል፤ እንዲያም ሆኖ ዘንድሮ ቤትዎን አያከራዩ። በኀዘን የመጀመሪያ ወራት የሚወሰን ትልቅ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ይጸጽታል። ገጠር ሲገቡ በየወሩ የሚያልቀው የግፊት መድኃኒትዎ ከየት ይመጣል? ሌሊት ቢያምዎ የሚሰማ ዘመድ በስንት እርምጃ ላይ አለ? መኪና የሚደርሰው እስከ የት ነው? ከከተማ ርቆ መኖር ያንን የሌሊት ፍርሃት አያስቀረውም፤ የሚያስቀረው ሰው ነው። ዘመድ ባለበት ቀዬ ቢገቡ ከሐዋሳ ይሻልዎት ይሆናል፤ ከሰው ተለይተው ቢገቡ ግን የሚሸሹት ብቸኝነት እዚያም ያገኝዎታል። ክትባትዎን ሲጨርሱ መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንት ሄደው ይሞክሩት። እስከዚያው ጧት ጧት ከቦቢ ጋር ይወጡበት በነበረው ሰዓት ወደ ሐይቁ ዳር ይውጡ፤ ሐዘንዎንም ቢያንስ ለአንድ ሰው፣ ለልጅዎ ወይም ለቀድሞ የሥራ ባልደረባዎ፣ ራዲዮ ሳይከፍቱ ይንገሩ።

ሌላ ቡችላ ማሳደግ ያምርዎት እንደሆነ የሚቸኩልበት ነገር የለም። ሲያሳድጉ ግን በ3 ወሩ ያስከትቡት፤ ከዚያም በየዓመቱ ያሳድሱለት፤ ወደ አርቤጎና ከወሰዱትም የክትባት ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ። የእርስዎን የክትባት ካርድም እንዳይጥሉት፤ ዳግመኛ ውሻ ቢነክስዎ ለሐኪሙ ያሳዩታል፤ የሚያስፈልጉት መርፌዎች ያን ጊዜ ያንሳሉና።