ሐይቅ ላይ ቤት ተከራይቶ ቤተሰብ ማዝናናት፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ የሐይቅን የመሰለ ውኃ እያለልን፣ ልጆቻችንን ይዘን ኪሳችን ሳይራቆት ጥቂት ቀን ማሳለፍ እንችላለን ወይ? በደንብ ትችላላችሁ። ዘመዶቼ የዚያው ወረዳ፣ የተሁለደሬ ሰዎች ናቸው፤ ለወዳጅ ቤት ማፈላለግም የቆየ ሥራዬ ነው። ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የምንመጣው ሰባት ነን። ሆቴል አይሻልም?

ለባልና ሚስት ሆቴል ይሻላል። ሰባት ሰው ግን ቢያንስ ሦስት ክፍል ይፈልጋል። አራት ሌሊት ካደራችሁ የ12 ክፍል ሂሳብ ነው፤ ቁርስ፣ ምሳና እራቱ ሳይቆጠር። ሙሉ ቤት ከሆነ በቀን አንድ ዋጋ ትነጋገራላችሁ፤ ወጥ ቤትም ይኖራችኋል። በእረፍት ጊዜ ገንዘብ የሚጨርሰው ከአልጋው ይልቅ ምግቡ ነው። እንጀራውንና በርበሬውን ከቤት ይዛችሁ ከመጣችሁ ወጪያችሁ በጣም ይቀላል።

ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ ቤት ግን ብዙ አትጠብቁ። ባለቤቱ ደሴ ወይም አዲስ አበባ የሚኖርና ዘበኛ ብቻ ያለበት ቤት ወይም ሰው ከሚኖርበት ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ፈልጉ። እንዲህ ያለው ቤት ማስታወቂያ የለውም። የሐይቅ ከተማን ባለሱቅና ባለባጃጅ ጠይቁ፤ ማን ቤቱን ዘግቶ እንደሄደ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ደላላው በስልክ ሙሉ ክፍያ ላኩ ይለናል። እንላክ?

አይሆንም! ቤቱን ራሳችሁ ወይም የምታምኑት ሰው ሳያየው ሙሉ ብር አትላኩ። ደሴ ዘመድ ያጣ ወሎዬ የለምና አንዱን ላኩት፤ በቪዲዮ እየደወለ በር በር እየከፈተ ያሳያችሁ። ከዚያ ትንሽ ቀብድ፣ ቀሪውን ቁልፍ ስትረከቡ። የደላላውን ኮሚሽን ማን እንደሚከፍልም አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ውል ጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል። የምትገቡበትና የምትወጡበት ቀን፣ ዋጋው በቀን ነው ወይስ በሰው ቁጥር፣ መብራትና ውኃው ተካቷል ወይ፣ ዕቃ ቢሰበር ማን ይተካል፣ መምጣት ባትችሉ ቀብዱ ምን ይሆናል። ምስክር ይፈርምበት። «በዘመድ መካከል ውል ነውር ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ነውር የምለው በሁለት ሺህ ብር ዘመድ ሲኳረፍ ነው።

ጥያቄ፦ ቤቱን ስናይ መጀመሪያ ምን እንይ?

ውኃ። ሐይቁን አይደለም የምላችሁ፣ የቤቱን ውኃ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብላችሁ ያን ሁሉ ሰማያዊ ውኃ እያያችሁ ቧንቧው ጠብ ላይል ይችላል። ስለዚህ ሮቶ እንዳለው እዩ፤ ካለም ጎኑን ከላይ ወደ ታች አንኳኩት። ባዶው ክፍል ጮክ ብሎ ይሰማል፤ ውኃው ያለበት ላይ ስትደርሱ ድምፁ ይታፈናል። የወጥ ቤቱንም የሽንት ቤቱንም ቧንቧ ክፈቱ። ውኃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ከባለቤቱ ይልቅ ጎረቤቱን ጠይቁ። ለሰባት ሰው አንድ ጊዜ የሞላ ሮቶ እንደገና ሳይሞላ ሁለት ቀን ካቆያችሁ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ መብራት ሲጠፋ የሚበሰልበት የከሰል ምድጃ መኖሩን፣ የበሮቹ መቀርቀሪያ መሥራቱን፣ አጎበር የሚሰቀልበት ቦታ መኖሩን እዩ። አጎበሩን ይዛችሁ ኑ። በተለይ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ውኃ ሲያዩ አይቻሉም። ይዋኙ?

እህቴ፣ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምነግርሽ። የሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ የሚደርስበት ቦታ አለ። ዳሩ ረጋ ብሎ ስለሚታይ ልጅን ያታልላል። ሌላው ቢልሃርዚያ ነው። አካባቢው ላይ የታወቀ በሽታ ነው፤ ጥገኛው ዳር ዳሩ ላይ፣ ሣር ባለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ይወጣና በቆዳ ይገባል። ልጆች ደግሞ የሚንቦጫረቁት እዚያው ነው። በታንኳ ይዝናኑ፤ እሱም ላይፍ ጃኬት ካለ ብቻ። ውኃው ገላቸውን ከነካ ደግሞ ወደ ቤት ከተመለሳችሁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያ አስመርምሪያቸው፤ መድኃኒት አለው። ሳይታከም ሲቆይ ነው ጉበት የሚጎዳው።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። በግ እንረድ ብንል የማን ቢላዋ ሊሆን ነው?

የወሎ ቤተሰብ ጥያቄ! መልሱ ሐይቁ ውስጥ አለ፤ ዓሣ ብሉ። ዓሣ ባራኪ አይጠይቅም፤ ሁላችሁም ከአንድ ትሪ ትበላላችሁ። የጾም ሰሞን ከሆነ ግን ዓሣ የማይበላም ስላለ አስቀድማችሁ ተጠያየቁ።

ጠዋት ታንኳዎቹ ሲመለሱ ዳር ላይ ሂዱና ግዙ። ቆሮሶ ለጥብስ፣ አምባዛ ለወጥ። ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩት፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ የዛሬ ነው፤ ቡናማ ከሆነ አደረ። ሥጋውን በጣት ጫን ስታደርጉት ተመልሶ መነሳት አለበት። አጥቢው እዚያው ቢላዋውን ከጭራ ወደ ራስ እየሳበ ቅርፊቱን ያነሳላችኋል፤ ጥቂት ብር ጨምሩለት። ቤት ደርሶ ጨው፣ ሎሚና ሚጥሚጣ ብቻ።

ጥያቄ፦ መቼ እንምጣ?

ልጆች የሚዘጉት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያኔ ግን ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት፣ ጥር መጨረሻ አካባቢ፣ ለእኔ ምርጡ ነው። ሌሊቱ ይበርዳልና ጋቢ አትርሱ። በመስከረም 21 ሰሞን የግሸን ማርያም ምእመን ስለሚጎርፍ ደሴና አካባቢው አልጋ አይገኝም፤ ዋጋም ይሰቀላል።

ጥያቄ፦ እኔና ሴቶች ልጆቼ ገዳሙን እናያለን?

ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አያስገባም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነውና ወንዶቹ ሳያዩት አይመለሱ። እናንተ በዚያ ሰዓት በባጃጅ ዳር ዳሩን ዙሩ፤ ወይም አርዲቦ ሐይቅን ለማየት ውጡ፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ሰውም አይበዛበትም።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ባሕር ብንፈልግስ? ጅቡቲ በባቲ በኩል ቅርብ አይደለም?

መንገዱ አለ። ግን ፓስፖርት ለሁሉም ሰው፣ ኑሮው ውድ፣ የክረምቱ ወራት ሙቀት ደግሞ ለሕፃን የማይቻል። በትንሽ ብር ለሚታሰብ እረፍት አልመክርም።

ጥያቄ፦ መንገዱስ?

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን ከሆነ ኮምቦልቻ ትወርዳላችሁ። በመኪና ከሆነ በምትነሱበት ቀን ጠዋት፣ ከመነሳታችሁ በፊት፣ የመንገዱን ሰላም ሹፌሮችን ጠይቁ፤ ከጨለመ በኋላ አትጓዙ። የሁላችሁም መታወቂያ ይኑር፤ ኬላ ላይም ቀበሌም ሊጠየቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለዘበኛው ስንት እንስጥ? መቼ?

ልካችሁን ስጡ፤ ግን ግማሹን በገባችሁበት ቀን። እሱ ነው ከሰልና ወተት የት እንዳለ የሚያውቀው። ዓሣ አጥማጆቹም የእሱ ሰፈር ልጆች ናቸው።