ዳታቤዛችንን ለክላውድ አከራይ እንስጥ?

ጥያቄ፦ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ መካከለኛ የሕክምና ላቦራቶሪ አለን። የታካሚዎችን መዝገብና የምርመራ ውጤት የምንይዘው በፖስትግረስ ዳታቤዝ ሲሆን፣ ሰርቨሩ ያለው ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አይዘልቅም፤ ሰርቨሩን ይከታተል የነበረው ባለሙያም ሥራ ለቋል። አንድ አማካሪ «ዳታቤዙን ክላውድ ላይ አስተዳድረው ለሚያከራዩ ስጡ፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያ አያስፈልጋችሁም» ብሎናል። ይህ እውነት ነው?

የላቦራቶሪ ሥራ አስኪያጅ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ አማካሪው የነገረዎት ግማሹን ነው። ዳታቤዙ በኢንተርኔት በሚደረስበት የአከራይ ማሽን (ክላውድ) ላይ በሚቀመጥበት በዚህ ዓይነት አገልግሎት፣ ለምሳሌ የአማዞን አርዲኤስ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሰጠው፣ ማሽኑን፣ የኃይል አቅርቦቱን፣ የሶፍትዌሩን ተከላና የዕለት ተዕለቱን ባክአፕ የሚሸከመው አከራዩ ነው። ተጨማሪ ከፍለው በሌላ ማዕከል ተጠባባቂ ቅጂ ካስያዙ፣ ዋናው ሰርቨር ሲወድቅ ሥራው ብዙውን ጊዜ በ1 እና በ2 ደቂቃ መካከል ወደ ተጠባባቂው ይዛወራል። በአንጻሩ የማሽኑ ሙሉ ሥልጣን የእርስዎ አይሆንም፤ ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መግባት ስለማይችሉ፣ አሁን የሚጠቀሙባቸው የፖስትግረስ ተቀጥላዎች (ተጨማሪ ችሎታ የሚሰጡት ቅጥያዎች) በአከራዩ ዘንድ መፈቀዳቸውን አስቀድመው ያጣሩ።

የሠንጠረዦቹ አወቃቀር፣ ኢንዴክሱ (ፍለጋን የሚያፋጥነው ማውጫ)፣ የይለፍ ቃሉና ማን የማንን ውጤት ማየት ይችላል የሚለው ግን እዚያው እርስዎ ጋ ይቀራል። አንድ ሠራተኛ የአንድን ታካሚ መዝገብ ሊሰርዝ ፈልጎ የትኛውን እንደሆነ ሳይገልጽ ትእዛዙን ቢልክ፣ ሠንጠረዡ በሙሉ ባዶ ይሆናል፤ ተጠባባቂው ቅጂም ስሕተቱን ወዲያውኑ ይደግመዋል። በዚህ ጊዜ የሚያድነው ባክአፕ ብቻ ነው። አርዲኤስ አውቶማቲክ ባክአፕን እስከ 35 ቀን ያቆያል፤ ሆኖም መረጃው የሚመለሰው በነበረው ዳታቤዝ ላይ ሳይሆን የራሱ አድራሻ ባለው አዲስ ዳታቤዝ ላይ ስለሆነ፣ ፕሮግራማችሁን ወደዚያ የሚያዞር ሰው ያስፈልጋል። ባክአፕ አለ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ጊትላብ የተባለው የታወቀ ኩባንያ በጃንዋሪ 2017 ዋናው ዳታቤዙ በስሕተት ሲሰረዝበት፣ ይታመኑ ከነበሩት መንገዶች አንዱ የነበረው ባክአፕ ሳይታወቅ መሥራት አቁሞ ስለነበር የ6 ሰዓት ያህል መረጃ አጥቷል።

ለእናንተ ከሁሉም የሚከብደው ግን ርቀቱ ይመስለኛል። አማዞን በአፍሪካ የመረጃ ማዕከሉን የከፈተው በ2020 እ.ኤ.አ. በኬፕ ታውን ነው። ፕሮግራሙ ተክለ ሃይማኖት ቀርቶ ዳታቤዙ ብቻ ኬፕ ታውን ቢሄድ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ደርሶ መመለስ አለበት። አንድ ምልልስ 150 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ የውጤት ገጹ ለመከፈት 80 ጥያቄ በተራ የሚልክ ከሆነ 12 ሰከንድ አለፈ ማለት ነው፣ ታካሚው ደግሞ መስኮቱ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ከሄዱ ፕሮግራሙንም አብረው ይውሰዱ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ መብራት ቢኖርም ሥራው ይቆማልና፣ ከሌላ አቅራቢ ሁለተኛ መስመር ሳይዙ ባይጀምሩት ይሻላል።

ሌላው ሕጉ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ከአገር ስለሚወጣበት ሁኔታ ይደነግጋል፤ የጤና መረጃም ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ስለሆነ፣ ውል ከመፈረምዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። ክፍያው በዶላር መሆኑንና ይህን የሚፈቅድልዎ ባንክ መኖሩንም አብረው ያረጋግጡ። የአገር ውስጥ ክላውድ አቅራቢ ካገኙ ርቀቱም ምንዛሬውም ይቀልልዎታል፤ ነገር ግን ባዶ ማሽን ብቻ ያከራይ እንደሆነ ወይም ባክአፑንና እድሳቱንም ራሱ ይሠራ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁት።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በዚህ ሳምንት የዩፒኤሱን ባትሪ አስቀይሬ፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሠራ የዳታቤዝ ባለሙያ እቀጥር ነበር። እርሱም አሁን ያለውን ባክአፕ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ያሳይዎት፤ ካልተመለሰለት የዝውውሩ ጉዳይ ይቆይ።