ጀርባውንም አንሳው

ጥያቄ፦ አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር፣ ጥገና ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቶ ነው ያረፈው። አንድ አልበም ሙሉ ፎቶ ትቶልናል። በጎ ፈቃደኞች ስለ ከተማችን ታሪክ የሚያዘጋጁት ድረ-ገጽ ላይ ልጭነው አሰብኩ። እዚያው ስዞር ግን ስህተት አየሁ። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1902 ነው ይላል፤ እኔ የማውቀው 1895 ነው። እንዲያርሙት ጻፍኩ፤ ሦስት ሳምንት ሆነ፣ መልስ የለም። ወንድሜ ደግሞ «ፎቶውን ወስደው ይነግዱበታል፣ ተወው» ይለኛል። ምን ይሻላል?
(ከሳቢያን)

መልስ፦ አቦ፣ በ«አንተ» ስለጀመርኩ ይቅርታ አልጠይቅም። የከዚራ ልጅ ነኝ፤ ድሬ ላይ አንቱታ ማን ያውቃል?

ዓመቱን በተመለከተ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902 መጨረሻ ላይ ነው። በእኛ ታኅሣሥ 1895 መሆኑ ነው። ጥፋቱ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን አለመጻፋቸው ብቻ ነው። እንደገና ጻፍላቸው፤ ግን «ተሳስታችኋል» ብቻ አትበል። የትኛው ገጽ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር፣ በምን ይተካ፣ አንተስ ከየት አወቅከው? እነዚህን ካገኙ በአምስት ደቂቃ ያርሙታል። ደሞዝ የሚከፍላቸው የለም፤ ከሥራ ውለው ማታ ነው የሚቀመጡበት። ሦስት ሳምንት ብዙ አይደለም።

በዚህ በዓመት ጉዳይ እኔም ተዋርጃለሁ። ምድር ባቡር ይሠራ የነበረውን የአጎቴን ፎቶ ስልክላቸው «1955 ዓ.ም.» ብዬ ጻፍኩ፤ ጀርባው ላይ 1955 ይላላ! አንዷ በጎ ፈቃደኛ «ጽሑፉ በምን ፊደል ነው?» ብላ መለሰችልኝ። ገልብጬ ባየው በላቲን ነው፤ በፈረንሳይኛ። ያኔ የባቡሩ ሥራ በፈረንሳይኛ ነበር የሚሠራው፤ «ለገሃር» የምንለው ቃል እንኳ ከእነሱ የመጣ ነው። ስለዚህ 1955ቱ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1947 ወይም 1948። አጎቴን ሰባት ስምንት ዓመት ላስረጀው ነበር። አየህ፣ የፎቶውን ፊት ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም አንሳው። ባዶ ከሆነ እንኳ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ሊኖር ይችላል።

ስካነር ከሌለህ ስልክህ ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፤ ፍላሹን አጥፋ። በሙጫ የተለጠፈውን እንዳትልጥ፤ ከነገጹ አንሳው። ጀርባው ላይ መጻፍ ካለብህ በእርሳስ፣ ቀስ ብለህ። በእስክሪብቶ የጻፍኩበት አንድ ፎቶ አለኝ፤ ቀለሙ ፊት ለፊት አልፎ የእናቴ ግንባር ላይ ታትሟል።

ከመላክህ በፊት ግን አልበሙን ይዘህ ከአባትህ ጋር ከሠሩት አንዱ ቤት ሂድ። ጫቱ ከቀረበ በኋላ ይሻላል፤ ወሬው ያኔ ይመጣል። እኔ የአጎቴን ፎቶ ለአንድ ጡረተኛ ባቡር ነጂ ሳሳየው ሰዎቹን ዞር ብሎም አላየ። መነጽሩን አወለቀ፣ ፎቶውን ዓይኑ ሥር አስጠጋና ከኋላ ያለውን ሊቶሪና፣ ያንን በራሱ ሞተር የሚሄደውን የመንገደኛ ባቡር፣ በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ይቺ ነች ሽንሌ ላይ ያስቆመችን» አለ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ፤ የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ የነገረኝ መጨረሻ ላይ ነው። ያለውን ሁሉ ጻፍኩ፤ ግን «እንደነገረኝ» ብዬ። አንተም ፎቶው ላይ ያየኸውንና ከሰው የሰማኸውን ለየው። አንባቢ የሚያምንህ ያኔ ነው።

የወንድምህ ፍርሃት ባዶ አይደለም። ዋናው ፎቶ ከቤት አይውጣ፤ የምትልከው ቅጂውን ነው። ከመጫንህ በፊት ሌላ ሰው እንዴት እንዲጠቀምበት እንደምትፈቅድ የሚጠይቀውን አንብብ፤ ሁላችንም ሳናነብ «እሺ» እንላለን። በቅጅ መብት አዋጁ፣ በቁጥር 410/1996፣ የፎቶ መብት የሚጠበቀው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው። መብቱም የአንሺው እንጂ የተነሺው አይደለም። የአባትህ ዘመን ፎቶ ይሄን ካለፈ ቆይቷል። በሕይወት ያሉ ሰዎች ካሉበት ግን ደውለህ አስፈቅድ።

አሁንም ካንገራገረ ይሄን ንገረው። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ የአክስቴ አልበም ከነሳጥኑ ሄደ። ዛሬ ከዚያ ቤት የቀረው አንድ የሠርግ ፎቶ ነው፤ እሱም ጎረቤት ተውሳ ስለነበር።

ጥያቄ፦ ሐረር ነው የምኖረው። ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ ስለሆነው ስለ ሰንጋ በር ለማንበብ ድረ-ገጹ ላይ ብፈልግ ምንም አይመጣም። ለምን?

መልስ፦ ምናልባት በሐረሪኛ ስሙ ገብቶ ይሆናል፤ «ሱቅጣጥ በሪ» ብለሽ ሞክሪ። ቡዳ በርም «በድሪ በሪ» ነው። ፊደሉንም ቀያይሪ፦ ሐረር፣ ሀረር፣ ሃረር። ለእኛ አንድ ነው፤ ማሽኑ ግን ሦስት ከተማ ሊመስለው ይችላል። ስታገኚው ሁለቱንም ስም እንዲያስገቡ ጻፊላቸው። መልስ ከዘገየ ሳቢያን ያለውን ልጅ አስቢ።